ገመድ የማይገባበት ጨፌ

በዚያ ቀን ከየካ ሚካኤል በላይ ባለው ጨፌ ላይ የነበርነው እነዚህ ነን፤ የፈረሶቹ ጠባቂ ባልደራስ ተሰማ፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር፤ ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች፤ ገመድ የያዙ ስድስት ወጣቶች፤ ከጭነት መኪናው ያልወረደ አንድ ሾፌር፤ እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ ቆመው የቀሩ ሦስት ሴቶች፤ ያን ጊዜ የዐሥር ዓመት ልጅ የነበርሁት እኔ፤ ሃያ ሦስት ፈረሶች። ሌሎቹ ያዩትን ተናግረውት እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም።

እንድጽፍ ያስገደደኝ ነገር ትንሽ ነው። ባለፈው ጥር አንድ የትምህርት ቤት ባልንጀራዬን የካ ሚካኤል ቀብረን ስንመለስ፣ መገናኛ ሳንደርስ መንገዱ ተዘጋና ከታክሲው ወርጄ በእግሬ መሄድ ጀመርሁ። በመንገዱ አካፋይ ላይ አንድ የተጣለ ፈረስ ቆሞ ነበር። ጉልበታቸው አልቆ የተጣሉ የጋሪ ፈረሶች እዚያ መቆም የሚወዱት፣ መኪና ሲያልፍ የሚነሣው ነፋስ ዝንቡን ስለሚያባርርላቸው ነው። ጀርባው ተልጦ ቀይ ሥጋው ይታያል። ሳላስብ እጄን ዘረጋሁ። ፈረሱም፣ ማንም ሳያዝዘው፣ አንገቱን ዝቅ አደረገልኝ። እቤቴ ስደርስ መዳፌ ላይ የቀረውን ሽታ አሸተትሁት፤ ላብ ነው፣ አቧራ ነው፣ የደረቀ ሣር ነው። እስኪመሽ ድረስ እጄን አልታጠብሁም።

ያ የጨፌው ዓመት አባቴ የጠፋበት ዓመት ነበር። አባቴ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። በመሥሪያ ቤቱ በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ይካሄዳል። አንድ ምሽት ሲገባ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ማተቡን ከአንገቱ ፈታና ከበሩ በስተ ኋላ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀለው። ከብዙ ዘመን ላብ የተነሣ የወዛ ትንሽ የእንጨት መስቀል ነበረበት።

«ምን ሆንህ?» አለችው እናቴ።

«ዛሬ በስብሰባው ላይ ከሸሚዜ ወጥቶ ታየ። ሳቁብኝ።»

«ሰው ሳቀ ብለህ ማተብህን ትፈታለህ?»

«ሰው ስለ ሳቀ አይደለም» አላት፤ «አንዱ ስላልሳቀ ነው።»

ይህን ንግግር ያን ጊዜ አልተረዳሁትም። የተረዳሁት ቀጥሎ የሆነውን ብቻ ነው። በሦስተኛው ሳምንት፣ በጥቅምት፣ አባቴ ረቡዕ ጠዋት ወጥቶ አልተመለሰም። እናቴ ስንቅ ቋጥራ ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ስትሄድ ሰነበተች፤ በሁሉም ቦታ «እዚህ የለም» አሏት፤ ምግቡም ሳይነካ ተመለሰ። እኔ ደግሞ ምክንያቱን በራሴ መንገድ አገኘሁት። ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ፣ መልአኩ የራሱን ሰው የሚያውቀው በአንገቱ ክር ነው ብለው አስተምረውን ነበር። አባቴ ማተቡን ፈታ፤ መልአኩ ሊያውቀው አልቻለም፤ ስለዚህ ተወሰደ። ነገሩ እንደ ሒሳብ ጥርት ብሎ ታየኝ። ማተቡ ከሚስማሩ ላይ አልወረደም፤ እናቴ በሩን በከፈተችና በዘጋች ቁጥር መስቀሉ ግድግዳውን ኳ ያደርገው ነበር።

ትምህርቴ በጠዋቱ ፈረቃ ስለ ነበረ ከሰዓት በኋላ ለማገዶ የሚሆን የባሕር ዛፍ ቅጠል ልለቅም ወደ ተራራው እወጣለሁ። ባልደራስ ተሰማን ያገኘኋቸው በዚህ ሥራ ላይ ነው። ባልደራስ የማዕረግ ስማቸው ነው፤ የፈረሶች አለቃ ማለት ነው። በአንድ መኰንን ግቢ ሠላሳ ዓመት ፈረስ ጠብቀዋል። ግቢው ሲወረስ ኮርቻውና ልጓሙ አንድ በአንድ ተመዝግቦ ተወሰደ፤ ፈረሶቹን ግን የሚቀልባቸው ስላልተገኘ በሩ ተከፍቶ ተለቀቁ። ወደ እንጦጦ ጫካ ሲወጡ ባልደራስ ጋቢያቸውን ለብሰው ከኋላቸው ወጡ፤ ከዚያ ወዲያም አልተመለሱም። በአራት ዓመት ውስጥ ፈረሶቹ እዚያው ተዋለዱ። አንዳንድ ባለ ጋሪም ያነከሰበትን እያመጣ ይጥል ነበር። እኔ በደረስሁበት ጊዜ ከሃያ ሦስቱ አብዛኞቹ ሰው ነክቷቸው የማያውቁ፣ እንደ ሚዳቋ የሚደነብሩ የዱር ፈረሶች ሆነው ነበር።

ጨፌው አጥር አልነበረውም። ከግርጌው አንድ ትልቅ ጽድ ነበረ፤ ወደ ጨፌው የሚገባ ሁሉ ገመዱን እዚያ ጽድ ላይ ሰቅሎ ማለፍ ነበረበት። ይህ የባልደራስ ሕግ ነው። ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች አቋራጩ በጨፌው በኩል ስለ ሆነ፣ ሲወጡ ገመዳቸውን በቀሚሳቸው ውስጥ ሸሽገው ያልፋሉ። አንዳንዴ ይይዟቸዋል።

«እመት፣ ከጉያሽ የተንጠለጠለው ምንድን ነው?»

«የእግዜር ስጦታ ነው፣ ባልደራስ!» ትላለች አንዷ፤ ሌሎቹ ይንከተከታሉ።

«ፍቺና ስቀይው። ስትመለሺ ትወስጂዋለሽ።»

«መቀነታችንንም እንፍታልዎት እንዴ? እሱም ያው ገመድ ነው!»

«እሱን ፈረሶቹ አይፈሩትም፤ እኔ ነኝ የምፈራው» ይላሉ፤ ሴቶቹም እየሳቁ ገመዱን ይሰቅላሉ።

አንድ ቀን ለምን እንደዚህ እንደሚጠነቀቁ ጠየቅኋቸው። ጨው እየፈለጡ ነበር። ጨውን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያኖራሉ፤ ጣሳ ይመታሉ፤ ከዚያ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቀው ይቀመጣሉ። ፈረሶቹ እርሳቸው ከራቁ በኋላ ብቻ ይመጣሉ። በእጃቸው አንድ ጊዜ እንኳ አጉርሰዋቸው አያውቁም።

«እነዚህ ውርንጭሎች ገመድ ምን እንደሆነ አያውቁም» አሉኝ። «እናቶቻቸው ሲሸሹት አይተው ይሸሹታል። አጥር ልሠራላቸው አቅም የለኝም። አጥራቸው ፍርሃታቸው ነው። ይህን ካጠፋሁባቸው ሌላ የምሰጣቸው የለኝም።»

ሰማኋቸው፤ ግን አሳዘኑኝ እንጂ አላመንኋቸውም። ፍርሃት በሽታ ይመስለኝ ነበር። እቤታችን ውስጥ ከጥቅምት ወዲህ ሌላ ነገር አልነበረም፤ እናቴ ውጭ ውሻ ሲጮህ መብራት ታጠፋለች፤ ማንም ሰው ፍርሃቱ ጥሩ ነገር እንደ ሆነ ሲነግረኝ ልቀበለው አልቻልሁም።

በኅዳር መጀመሪያ ሊቀ መንበሩ አምስት ሰዎች ይዞ መጣ። ባልደራስ ከተቀመጡበት ተነሡ። ሰውየው የልጃቸው እኩያ ቢሆንም አንተ አላቸው።

«እነዚህ ፈረሶች የማን ናቸው?»

«የማንም አይደሉም።»

«የማንም ያልሆነ ነገር የለም፣ ሽማግሌው። ምልክት የሌለው እንስሳ ባለቤት የለውም፤ ባለቤት የሌለው ሁሉ የመንግሥት ነው። ግንባር ላይ ስንቅ የሚሸከም አጥተን፣ አንተ እዚህ ይህን ሁሉ ፈረስ ሣር ታስግጣለህ?»

«ያዟቸዋ፤ ማን ይከለክላችኋል?» አሉ ባልደራስ፤ ተመልሰውም ተቀመጡ።

አምስቱ ሰዎች ገመድ ይዘው እስከ ቀትር ሮጡ። ፈረሶቹ ገና ገመዱ ሲወዛወዝ ጫካው ውስጥ ይገባሉ፤ ሰዎቹ ጫካው ሲደርሱ ፈረሶቹ በሌላ በኩል ጨፌው ላይ ናቸው። አንዱ ወጣት ረግረጉ ውስጥ በፊቱ ተደፋና ጭቃውን እየተፋ፣ «ጓድ ሊቀ መንበር፣ እነዚህ አድኃሪዎች ናቸው!» ሲል የራሱ ሰዎች ሳይቀሩ ሳቁ። ሊቀ መንበሩ አልሳቀም። «ከጥምቀት በኋላ መኪና ይዘን እንመጣለን» ብሎ ሄደ።

ባልደራስ ያን ቀን ደስ ብሏቸው ነበር። «ሺህ ጊዜ ይምጣ» አሉ። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ አንዲት ቃል ስታብሰለስለኝ አደረች፤ ምልክት። ምልክት የሌለው ባለቤት የለውም። አባቴም ምልክቱን ፈትቶ ነበር። ፈረሶቹን ለማዳን ምን መደረግ እንዳለበት የማውቀው እኔ ብቻ እንደ ሆንሁ ተሰማኝ።

ጊዜው ተመቸኝ። የነቢያት ጾም ስለ ገባ ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ሆነ፤ ባልደራስም ጨፌውን ለእኔ ትተው በየቀኑ ወደ ሚካኤል ይወርዱ ጀመር። ማታ ማታ እናቴ ለሸማኔ ከምትፈትለው ክር ጥቂት ጥቂት እሰርቃለሁ፤ በሦስት እገምደዋለሁ፤ የየኔታ ማተብ ጥቁር ስለ ነበረ በከሰል አጠቁረዋለሁ።

«ይህ ክር ይጎድላል» አለች እናቴ አንድ ቀን። «አይጥ ይሆን?»

«አይጥ ይሆናል።»

«አይጥ ደግሞ ክር ይበላል?»

«ከራበው።»

አየችኝና ሌላ አልጠየቀችም። በዚያ ዓመት ጥያቄ መጠየቅ ትታ ነበር።

መጀመሪያ ከጨው ድንጋዩ አጠገብ ተቀመጥሁ። ለአራት ቀን አንድም አልመጣም። በአምስተኛው ቀን ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት አንዲት ቦራ መጣች፤ እያየችኝ ላሰች። ከዚያ ጨዉን ከድንጋዩ ወደ መዳፌ አዛወርሁት። የፈረስ ከንፈር ምን ያህል ለስላሳ እንደ ሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ፊትህን በጣቱ ዳስሶ ሊለይህ እንደሚሞክር ነው። ቀጥሎ ጨዉን ስሰጥ ክሩን በክንዴ ላይ አንጠለጠልሁት። ደነበሩ፤ ተመለሱ፤ ደነበሩ፤ ተመለሱ። በመጨረሻ ክሩ አንገታቸውን ሲነካ ዝም ብለው መቆም ብቻ ሳይሆን፣ ቁመቴ እንደማይደርስ ተረድተው አንገታቸውን ዝቅ ማድረግ ለመዱ። ባሰርሁላቸው ቁጥር አባታችን ሆይ እደግማለሁ።

እስከ ገና ዐሥራ ሦስት አሰርሁ። ከዚያ እናቴ ክሩን ለሸማኔው አስረከበችና አለቀብኝ። የቀሩት ዐሥር ነበሩ፤ ከእነርሱ አንዷ ሁልጊዜ ከእናቷ አጠገብ የማትለይ የስድስት ወር ውርንጭላ ናት። እናትዮዋ አምባላይ ነበረች፤ ነጭ ማለት ነው፤ ከሁሉም የምወዳት እርሷን ነው። ሌሎቹ ስምንቱ ምን ብለምናቸው አልቀርብ አሉኝ። እጅግ አዘንሁባቸው። አንድ ጉራች ነበረ፣ እንደ ከሰል የጠቆረ፤ ጨዉን ካልሸሸሁ አይነካም፤ አንድ ጊዜም ጥርሱን አሳየኝ። እንደ ጠፋ ነፍስ እቈጥረው ነበር።

ለአምባላይዋ የሚሆን ክር ፍለጋ ሦስት ቀን ተንከራተትሁ። በአራተኛው ቀን እናቴ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ የአባቴን ማተብ ከሚስማሩ ላይ አወረድሁት። አባቴ ሲመለስ ሌላ እንገዛለታለን፤ አሁን የሚያስፈልገው ለእርሷ ነው ብዬ አሰብሁ። ክሩ አጭር ስለ ነበረ በጫማዬ ማሰሪያ ቀጠልሁት። አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ ዐይኗን ጨፍና፣ አስጨረሰችኝ። የእንጨት መስቀሉን በጋማዋ ሥር ሸሸግሁት። እቤት ውስጥ የመስቀሉ ኳታ ቀረ፤ እናቴ ግን ስለ እርሱ አልጠየቀችኝም።

ባልደራስ ዐይናቸው ሞራ ጋርዶት ነበር፤ ከቅርብ እንጂ ከሩቅ አያዩም፤ ፈረሶቹን የሚለዩት በአካሄዳቸው ነው። ክሩን አላዩትም። ሆኖም ከጥምቀት በፊት ባለው ሳምንት ጨው አኑረው ሲርቁ፣ አምባላይዋና ቦራዋ ከኋላቸው ተከተሏቸው። ቆሙ። ፈረሶቹም ቆሙ።

«ምን ነክቷቸው ነው እንዲህ የሚጠጉኝ?»

«ወድደዎት ይሆናል» አልሁ።

«ውደዱኝ አላልኋቸውም» አሉ፤ ድምፃቸው ተለወጠ። ጋቢያቸውን አራግበው «ሂዱ!» ብለው ጮኹባቸው። ፈረሶቹ ሁለት እርምጃ ብቻ ሸሹ። ያን ጊዜ ልነግራቸው እችል ነበር። ጥምቀት ሲመጣ ሁሉም ማተብ አስረው አያቸዋለሁ፣ ያን ጊዜ እነግራቸዋለሁ ብዬ ተውሁት።

መኪናው የመጣው ከቃና ዘገሊላ በኋላ ባለው ሰኞ ነው። እስከ ጽዱ ድረስ ወጣ። ሴቶቹ እንጨታቸውን እንደ ተሸከሙ ቆሙ። ስድስቱ ወጣቶች ገመዳቸውን ይዘው ከጽዱ አጠገብ ሲያልፉ ባልደራስ «ገመድ እዚያ ይሰቀላል» አሉ፤ ገመዱን እንደ ያዙ አለፉ። ባልደራስ ተመልሰው ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ፤ ከንፈራቸው ላይ ፈገግታ ነበረ። «ይሩጡ» አሉኝ በሹክሹክታ። «እስከ ማታ ይሩጡ።»

ገመዱ ገና ሲወዛወዝ ጉራቹ ጆሮውን አቆመና አንድ ጊዜ አንኮራፋ። ስምንቱ ጫካ ገቡ። የቅርንጫፉ መሰባበር ድምፅ ሲርቅ ሰማሁት።

ዐሥራ አራቱ ግን ቆሙ።

አንዱ ወጣት እጁን ዘርግቶ ቀረበ፤ ባዶ እጁን ነው የዘረጋው። ቦራዋ ልታሸተው ወደ እርሱ ሄደች። ገመዱን ሲያነሣ አንገቷን ዝቅ አደረገችለት። ሰውየው ራሱ ደንግጦ ወደ ኋላ ተመለከተ። ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው። ማንም አልሮጠም። በጨፌው ላይ የሰው ትንፋሽና የሣር መረገጥ ብቻ ይሰማል። ባልደራስ የሚሮጥ ኮቴ ሲጠብቁ ቆዩና ከድንጋዩ ተነሡ።

«ለምን አይሮጡም?» አሉ። «ልጄ፣ ዐይኔ አይደርስም፤ ንገረኝ። ለምን አይሮጡም?»



አንዱ አብዮት ጠባቂ ጋማውን ሲገልጥ ክሩን አገኘው። «ጓድ ሊቀ መንበር! ይሄ ፈረስ ክርስትና ተነሥቷል!» አለ፤ «ክርስትና አባቱ ማን ይሆን?» ሳቁ። ከዚያ ሌላው ላይ አገኙ፤ ከዚያ ሌላው ላይ። አምባላይዋ ጋ ሲደርሱ ጠባቂው መስቀሉን በጣቱ አንጠልጥሎ አነሣው። ሳቁ ቀረ። ሊቀ መንበሩ መጥቶ አየው፤ አገላበጠው። ትኩር ብሎ የሚያየኝ መሰለኝ፤ የአባቴ መሆኑ በመስቀሉ ላይ የተጻፈ መሰለኝ።

«ይህን ያሰረ ማን ነው?»

አንድ እጅ ትከሻዬ ላይ ዐረፈ፤ ከባድ እጅ ነበር፤ የጨው ሽታ ነበረው። ባልደራስ ጣታቸውን አጠበቁት፤ ያን ጊዜ ሁሉ ነገር እንደ ገባቸው ዐወቅሁ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ሁሉንም ያሰርሁ እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ስላረጀሁ ይሆናል» አሉ።

ዐሥራ አራቱን በሳንቃ መወጣጫ ወደ መኪናው አወጧቸው። ውርንጭላዋን ማንም አልያዛትም፤ ገመድም አልነካትም፤ እናቷን ተከትላ በራሷ ወጣች። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ጓድ፣ ይቺ ምን ትሸከማለች?» ቢል፣ «አንተ ንዳ!» ተባለ። ባልደራስን ከኋላ፣ ከፈረሶቹ መካከል አስቀመጧቸው። ከሴቶቹ አንዷ እንጨቷን ጥላ ጋቢያቸውን ከመሬት አንሥታ አቀበለቻቸው። መኪናው ቁልቁል ሲወርድ የአምባላይዋ ራስ ከሁሉም በላይ ከፍ ብሎ ይታይ ነበር። የአባቴ ማተብ አንገቷ ላይ እንዳለ ሄደ።

እቤት ስደርስ እናቴ ከበሩ ኋላ ቆማ ነበር። ባዶውን ሚስማር ታየዋለች። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እንድትመታኝም ፈለግሁ። የሙቀጫውን ዘነዘና አነሣችና ሚስማሩን ከግራ ከቀኝ እየመታች ነቀለችው፤ በቀዳዳውም ጭቃ መረገችበት። ከዚያ ዕለት በኋላ ስንቅ ይዛ አልወጣችም።

ወደ ጨፌው መውጣት አላቆምሁም። ጣሳ መታሁ፤ ጨው አኖርሁ፤ ሠላሳ እርምጃ ቈጥሬ ራቅሁ። ለብዙ ቀን ማንም አልመጣም፤ ጨዉን ጤዛ አሟሟው። ባልደራስ የተመለሱት ሆሣዕና ካለፈ በኋላ ነው። ጠጕራቸው ተላጭቷል፤ በበትር እየተመሩ ወጡ። የት እንደ ነበሩ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ገመድ ያልያዙ መሆናቸውን ለማሳየት ይመስል፣ ጽዱ ሥር ቆመው መቀነታቸውን ፈቱና ሰቀሉት። ከዚያ ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ።

ጣሳውን አቀበልኋቸው፤ መቱት። ቀስ ብለን ራቅን። ፀሐይ ሊገባ ሲል ከጫካው ጉራቹ ብቅ አለ፤ ሌሎቹም ከኋላው።

«ይታዩሃል?» አሉኝ።

«ይታዩኛል።»

«አንገታቸው ላይ ነገር አለ?»

«የለም፣ ባልደራስ። ባዶ ነው።»

ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡት። ፈረሶቹ ወደ ጨዉ ሲጠጉ እጄን መዳፌ ወደ ላይ ሆኖ ተዘርግቶ አገኘሁት፤ ወዲያው በብብቴ ሥር ሸሸግሁት።

«ቍጠርልኝ» አሉ።

አንድ ጊዜ ቈጠርሁ፤ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ ቈጠርሁ።

«ስምንት» አልኋቸው።